ሌላውን ሳይጠብቁ ሥራን ስለ መጀመር፤ ከደረስጌ ማርያም እስከ መቅደላ

ሰው የጐደለውን ነገር ለማየት ብዙ አይቸገርም። ድልድዩ እንደ ፈረሰ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን እንዳፈሰሰ፤ የቆሎ ተማሪው ጎጆ እንዳዘመመ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ያያል፤ አይቶም ያዝናል። ነገር ግን ከሚያዝኑት አብዛኛው «የሚመለከተው ይሥራው» ብሎ ያልፋል፤ የሚመለከተውም ሰው ከእርሱ በላይ ያለውን ይጠብቃል፤ ከበላይ ያለውም ከሩቅ አገር የሚመጣ ረዳት ይጠባበቃል። እንዲህ ሲባባሉ ክረምት ይገባል፤ ክዳኑም ይወድቃል። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ የተናገሩት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ሰው እጅ ላይ ተስፋውን ጥሎ የሚቀመጥን ሁሉ ለመገሠጽ ነው እንጂ።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ባሕር ማዶ መሻገር አያሻም። በቋራ ቆላ ተወልደው፤ በሰሜን ደጋ ዘውድ ጭነው፤ በደብረ ታቦር አጠገብ መድፍ ያሠሩት የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ይበቃል። ይህ ታሪክ ለጎንደር ካህናትና ምእመናን ደስታና ኀዘን የተቀላቀለበት ነው፤ የተበተነችውን ኢትዮጵያ ለመሰብሰብ የተነሣው እጅ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለ እጅ ነውና። ስለዚህም ምስጋናውን ብቻ ወይም ወቀሳውን ብቻ የሚያነብ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ይዞ ይሄዳል።

፩ የመጠበቅ ዘመን

በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ በጎንደር ግንብ የሚቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። ዘውዱ በከተማ ይኖራል፤ ጦሩና ፍርዱ ግን በመሳፍንት እጅ ነበረ። በኋለኛውም ጊዜ ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፤ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግሬ፤ ደጃዝማች ጎሹ በጎጃም ተቀምጠው አንዱ ሌላውን እየጠበቀና እየፈራ አገሪቱን ተከፋፍለው ያዙ። ገበሬውም ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እየገበረ፤ ወታደር ባለፈ ቍጥር ጎተራው እየተራቈተ ኖረ።

በዚያ ዘመን የመንግሥቱን መፍረስ ያላወቀ፤ አውቆም ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ሊቃውንቱ ስለ ቀደመው የጎንደር ክብር ይናገሩ ነበር፤ ሕዝቡም ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል፤ በዘመኑም ሰላምና ጥጋብ ይሆናል የሚለውን ትንቢት እየሰማ ተስፋ ያደርግ ነበር። ትንቢቱ ለተጨነቀ ሕዝብ መጽናኛ ሆነ፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት ሙሉ ሁሉም «ይመጣል» አለ እንጂ «እንነሣ» ያለ አልተገኘም።

በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው። አባቱ ከቋራ ባላባቶች ወገን ቢሆኑም ርስቱ ለእርሱ አልደረሰውም፤ ጠላቶቹም እናቱን በድኽነታቸው ምክንያት «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ከታላላቆቹ ደጅ ቆሞ ሹመት እስኪሰጠው ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ ዕድሜው በደጅ ጥናት ባለቀ ነበር። እርሱ ግን ወደ ቆላ ወርዶ ሸፈተ፤ ተከታዮችንም ሰበሰበ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብጾች ጋር ተዋግቶ በመድፋቸው ኃይል ተሸነፈ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ጀግንነት ያለ መሣሪያና ያለ ሥርዐት ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳ፤ ይህም ሐሳብ እስከ ሞቱ ቀን ድረስ ከልቡ አልወጣም።

፪ በደረስጌ የሆነው ነገር

በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ካሣ ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ ድል አደረገ፤ ጎሹም በዚያው ሞቱ። በሚያዝያ በጎርጎራ ብችኝ ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ በአንድነት የላኩትን ጦር መታ። በሰኔም በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ። እንዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው የየጁ ራሶች ሥልጣን ወደቀ። በመጨረሻም የቀሩት የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ።

ደጃዝማች ውቤ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብጽ መልእክተኞች ልከው አቡነ ሰላማን ያስመጡ እርሳቸው ናቸው። በሰሜን ደጋም በደረስጌ የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በዚያ ዘውድ ለመጫን አስበው እንደ ነበረ ይነገራል። ጳጳሱም ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋጅተው ሳለ ውቤ ጊዜው እስኪመች ይጠብቁ ነበር፤ ጊዜውም ሳይጠብቃቸው አለፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ተዋግቶ ውቤን ማረካቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፤ ውቤ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሕዝብ ከሰማይ ይወርዳል ብሎ ይጠብቀው የነበረውን ስም የቋራው ሰው ራሱ ወሰደው።

ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፤ ዝግጅት ያለ ቈራጥነት ለሌላ ሰው ማዘጋጀት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ቈራጡም ሰው ቢሆን ሁሉን ከባዶ እንዳልጀመረ ነው፤ የተቀባበት ቤተ ክርስቲያንና የቀባው ጳጳስ የሌላ ሰው ድካም ፍሬዎች ነበሩ። የፊተኛውን ትምህርት ዐፄ ቴዎድሮስ ጠንቅቀው ያዙት፤ የኋለኛውን ግን እየዋሉ እያደሩ ረሱት።

፫ መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ

ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥታቸውን ለማጽናት የኤውሮጳን ጥበብ እጅግ ይፈልጉ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. በቈንስል ካሜሮን እጅ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤውም ወዳጅነትን ለመኑ፤ ቱርኮች መንገዱን ስለ ዘጉባቸው መልእክተኞቻቸው በሰላም ወደ እንግሊዝ አገር የሚደርሱበት መንገድ እንዲዘጋጅላቸው ጠየቁ። ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሦስተኛው ናፖሌዎንም እንዲሁ ጻፉ።

ደብዳቤው በ1855 ዓ.ም. አጋማሽ ለንደን ደረሰ፤ ደርሶም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለ መልስ ተቀመጠ። አንዲት ወረቀት በአንድ ጸሓፊ ሣጥን ውስጥ መርሳቷ በለንደን ቀላል ነገር ነበረ፤ በጎንደር ግን የክርስቲያን ንጉሥ ንቀት ሆኖ ተቈጠረ። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ንጉሡ ቈንስሉን በሰንሰለት አሰሩት፤ ሌሎችንም ኤውሮጳውያን ጨመሩ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ራሳም ከፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበረ። ደግሞም ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ጥበበኞችን እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ጥበበኞቹ እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ደጋ አይወጡም ስለ ተባለ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በመጠበቅ ያለፉት እነዚህ ዓመታት ከጦርነት ይልቅ ጎዱአቸው። ጥያቄው ቅን ነበረ፤ ተስፋው ግን በማያውቃቸው ሰው ቸርነት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ተስፋው በጐደለ ጊዜ ቍጣው በእስረኞች ላይ ወረደ፤ የእስረኞቹም ነገር ኋላ የእንግሊዝን ጦር ጠራ።

፬ የጋፋት እቶን

ሆኖም ንጉሡ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው መንደር ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ፤ ሃይማኖትንም የእጅ ሥራንም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ዋልድማየርና ዛልሙለር ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ለማደል እንጂ መድፍ ለመሥራት አልመጡም፤ መድፍ እንዲሠሩ በታዘዙም ጊዜ ይህን ጥበብ አናውቅም ብለው መለሱ። ንጉሡ ግን «አላውቅም» የሚለውን ቃል እንደ ሥራ መጨረሻ አልተቀበሉትም። ሞክሩ ተባሉ፤ ሞከሩ፤ መጀመሪያው ሳይሳካ ቀረ፤ ደግመው ሞከሩ። የአገሩም ልጆች ከእነርሱ ጋር ሆነው ሸክላውን ሲያቦኩ፤ ከሰሉን ሲያከስሉ፤ መዳቡን ሲያቀልጡ ሥራውን እያዩ ተማሩ።

በመጨረሻም ከጋፋት እቶን መድፎች ወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው በ1859 ዓ.ም. የፈሰሰው፤ በክሪሚያ ጦርነት በታወቀው ከተማ ስም ሰባስቶፖል የተባለው ነው፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነበረ። በጣና ዳርም ንጉሡ የእሳት መርከብ ወሬ በሰሙ ጊዜ ከደንገል ትልልቅ ታንኳ አሠርተው፤ በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመው ሞከሩ። የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ ነገር ግን መርከብ እስኪመጣ ከመጠበቅ ባላቸው ደንገል መጀመርን መረጡ።

የጋፋት ሥራ ጥቅሙ በመድፉ ብቻ አልነበረም። በዚያን ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ፤ ሸክላ የሚሠራ፤ ቆዳ የሚፍቅ ሰው «ጠይብ»፤ «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ በቡዳነትም ይታማ ነበር። የሚገለገልበትን ማረሻ ይዞ ማረሻውን የሠራውን እጅ የሚንቅ ሕዝብ ከድኽነት ሊወጣ አይችልም። ንጉሥ በእቶን አጠገብ ቆሞ መዋሉ ይህን ክፉ ልማድ የሚነቅፍ ስብከት ነበረ። ኋላም በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አዘዋል።

፭ በንጉሥ እጅ የተጠረገ መንገድ

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በመካከሉ ያለው አገር ጅዳና በሽሎ የተባሉት ወንዞች ጠልቀው የቈረጡት ገደል ነው፤ በቅሎ እንኳ ተጠንቅቃ የምታልፍበት ነበር። ለሰባስቶፖል የሚሆን የሠረገላ መንገድ ከቶ አልነበረም።

ንጉሡም መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። በዚያ የነበሩት ኤውሮጳውያን እንደ መሰከሩት ማልደው ተነሥተው ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ፤ ዛፍ ይቈርጡ፤ ጕድጓድ ይደለድሉ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ያየ መኰንን ቆሞ ሊያይ አይችልምና ሠራዊቱ ሁሉ ሠራ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ መድፉን ወደ ላይ እየጐተቱ፤ በቍልቍለቱም ወደ ኋላ እየያዙ፤ ስድስት ወር በሚጠጋ ጊዜ በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ድል አድርገው የመጡት እንግሊዞች ራሳቸው መንገዱን ባዩ ጊዜ የሠራውን ሰው ጽናት አደነቁ። ቴዎድሮስ ከውጭ የሚመጣ መሐንዲስ ቢጠብቁ ኖሮ ያ መንገድ ባልተሠራ ነበር።

፮ ጀማሪው ብቻውን ሲቀር

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ወደቀ? መልሱ በዚሁ በጎንደር ይገኛል።

ንጉሡ በመንግሥታቸው መጀመሪያ ለሠራዊታቸው ቀለብ ፈልገው፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረው መሬት ለገባር ይሰጥ የሚል ሐሳብ አመጡ። በሐሳቡ ምክንያት የሌለው አልነበረም፤ ቀጥተኛ ግብርና የታወቀ ደመወዝ ያለው ሠራዊት ለማቆም ያሰቡ ነበሩና። ነገር ግን በዚያ መሬት የሚኖረው ቀዳሹ ብቻ አልነበረም፤ ደብተራው፤ መሪጌታው፤ የቅኔውና የመጽሐፉ መምህር፤ ከሩቅ የመጣው ተማሪ ሁሉ ኑሮው ከእርሱ ነበረ። ሊቃውንቱ ሳያምኑበት በግድ የተፈጸመው ሥራ ቤተ ክርስቲያንን ከንጉሡ ለየ። አቡነ ሰላማም በመቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እየባሰ ሄደ። የሸፈተውን ለመቅጣት አገሩ ይዘረፋል፤ የተዘረፈው አገር ይሸፍታል። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ጎንደር ገብተው ከተማይቱን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ፤ የወርቅና የብር ንዋየ ቅድሳት ወሰዱ። ቀድሞም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሰብስበው ነበር። ከደብረ ታቦር ሲነሡ አስቀድሞ እንደ አሸዋ ይነገር የነበረው ሠራዊት ወደ ጥቂት ሺህ ወርዶ ነበር። የእንግሊዙ ጄነራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ ያን ያህል አገር ሲያቋርጥ የሚቃወመው አላገኘም፤ ይልቁንም ስንቅ የሚሸጥለትና መንገድ የሚሰጠው አገኘ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን በማዕዶት ሰኞ መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሕዝብ ያልተቀበለውን ሥራ ለማዳን መድፉ አልጠቀመም። የተከማቸው ሀብት በ15 ዝሆንና በ200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ ከብራናዎቹም 350 ያህሉ በለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የጋፋት ሠራተኞች ከናፒየር ጋር ወጡ፤ እቶኑም ጠፋ። ሰባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ አለ።

እንግዲህ ጥፋቱ ሥራን ራስ መጀመር አልነበረም፤ ሌላው ሰው የራሱን ድርሻ በፈቃዱ እንዲጀምር ስፍራ መንፈግ ነበር። በመንገዱ ላይ ንጉሡ ድንጋይ ሲያነሡ ሺህ ሰው ተከተላቸው፤ በጎንደር በትእዛዝና በእሳት በመጡ ጊዜ ግን የቀድሞው ወዳጅ ሁሉ ሸሸ። ያው ሰው፤ ያው ብርታት፤ ፍሬው ግን ተለያየ።

፯ ለደብር የሚሆን ትምህርት

ከዚያ ወዲህም የጎንደር መከራ አላበቃም። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ገብቶ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ አባቶች ይተርካሉ። ከተቃጠሉት ብዙዎቹ ኋላ እንደገና ታነጹ። ያን ጊዜ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ መሆኗ ቀርቶ ነበር፤ ዐፄ ፋሲል ግንብ እንዳሠሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ ቍስቋምን እንዳሳነጹ ሁሉን የሚችል አንድ ባለጸጋ በከተማይቱ አልነበረም። ሆኖም ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ የአቋቋሙም ትምህርት እስከ ዛሬ የጎንደር ስም ሆኖ ይጠራል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አብያተ ክርስቲያናት ከጥንት ጀምሮ ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት አጡ። ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን በምን ትኖራለች ብሎ ፈራ። ነገር ግን አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ ሥርዐት ተመሥርቶ ነበር፤ በእርሱም ካህናት፤ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ተቀምጠው የደብራቸውን ነገር ይመክራሉ። መሬቱ በሄደ ጊዜ የምእመናን አስተዋፅኦ ተተካ። ንጉሡ በግድ ሊያደርጉት ያልቻሉት ነገር፤ ይኸውም ደብር ያለ ሰፊ መሬት መኖሩ፤ በምእመናን ፈቃድ ተቻለ።

የደብር ኢዮቤልዩም በዓል የሚከበረው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። በዓሉን የሚያከብር ሰው በዕለቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዙሪያ ዞሮ ክዳኑን፤ ዕቃ ቤቱን፤ የመጻሕፍቱን ብራናና የተማሪዎቹን ማደሪያ በዓይኑ ይመልከት። አንድ ጕድለት ባየ ጊዜ «ሰበካ ጉባኤው ይወቀው»፤ «ከከተማ ያለው ባለጸጋ ይላክልን»፤ «ከውጭ አገር የሚኖሩት ልጆቻችን ይርዱን» ከማለቱ በፊት በእጁ ያለውን ይጀምር። የሚላከው ቢመጣ በተጀመረ ሥራ ላይ ይጨመራል፤ ባይመጣም የተጀመረው ሥራ አይፈርስም። ከጀመረም በኋላ ጎረቤቱን ይጥራ እንጂ አያዝዘው፤ ድንጋዩን በፊቱ ያንሣ እንጂ በጅራፍ አያስነሣው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏል። የመጀመሪያውን ሎሚ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል፤ አርባ ዘጠኙን ግን ለሌሎቹ ይተውላቸው።